በወረርሽኙ ወራት ድንገተኛ ክፍል የቀነሰው ሕመም ነው ወይስ ሕመምተኛ? የአንድ ክር 32 መልሶች

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በር ላይ፣ ከአንዲት አነስተኛ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጬ የታካሚ ቁጥር እሰበስብ ነበር። ሥራዬ በመሥሪያ ቤት አጠራር ኤች አይ ቲ (የጤና መረጃ ቴክኒሻን) ይባላል፤ በተግባር ግን በየማለዳው የተረኞቹን መዝገብ ገልብጦ ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰው እንደመጣ መቁጠርና ድምሩን በስልክ ለበላይ መንገር ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ከተገኘና መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ሲያሽቆለቁል፣ በሽታው ሳይነካን ያለፈ መስሎን እኔም አለቃዬም ደስ ብሎን ነበር። ባለፈው ወር የድሬና የሐረር ሰዎች በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት መነሻ ጽሑፍ ያንን ደስታ የሚመረምር ነው። የቀነሰው ሕመም ነው ወይስ ሕመምተኛ ብዬ ጠየቅሁ፤ የራሴንም ግምት ሳልደብቅ ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ሕመምተኛው ፈርቶ መምጣት እንደቀነሰ፣ በየቀኑ የላክነው ነጠላ ቁጥርም ለበላዮቻችን ከመጥቀሙ ይልቅ እንዳሳሳታቸው ተከራከርኩ። ለማስረጃ ያቀረብኩት የሚያዝያ 2012ን ወርኃዊ ሪፖርት ከመስከረም 2012 ሪፖርት ጋር ማነጻጸርን ብቻ ነበር። ይህ ማነጻጸሪያ ምን እንዳመጣብኝ ተራው ሲደርስ እናገራለሁ። ከዚያ ጽሑፍ ሥር እንደ ክር ተያይዘው የመጡትን የሰዎቹን መልሶች ቃል በቃል መገልበጥ ተገቢ ስላልመሰለኝ ሐሳባቸውን በተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ።

1ኛው መልስ ራሱን የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ብሎ ካስተዋወቀ ጨዋ ሰው የመጣ ነው። ጥያቄውን ካመሰገነ በኋላ የታካሚው መሸሽ የድሬ ብቻ እንዳልነበረ በቁጥር አሳየ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 17 ቀን 2012 ባሉት አራት ሳምንታት የድንገተኛ ክፍል ጉብኝቶችን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር ሲያስተያይ፣ በሳምንት በአማካይ 2.1 ሚሊዮን የነበረው ወደ 1.2 ሚሊዮን ወርዶ፣ ማለትም በ42 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል፤ መቀነሱ ከሁሉ የበረታውም 14 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑ ልጆች ላይ ነበር። እንግሊዝ ውስጥም በዚያው በአውሮፓውያኑ ሚያዝያ ወር የድንገተኛ ክፍል ጎብኚ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በ57 በመቶ አንሶ እንደነበር ጨመረበት። አስከትሎም የዚህን ዓይነት የበሽታ ቅኝት (ክትትል) አመጣጥ ባጭሩ ተረከ፤ ኒውዮርክ ከተማ ከመስከረም 2001 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጥቃት በኋላ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሕመምተኛው በር ላይ ደርሶ የተናገረውን ምልክት በየቀኑ መቁጠር እንደጀመረች፣ ዓላማውም በሽታው ስሙ ሳይታወቅ ሽታውን መያዝ እንደነበር አስረዳን።

ከ2ኛው መልስ ጀምሮ ግን ነገሩ ለስላሳ አልሆነም። ይህ ጸሐፊ የባሕር ማዶ ቁጥር ወደ እኛ ሰፈር ማምጣት አንባቢን ማደናገር ነው ብሎ ነው የተነሣው። በእሱ አገላለጽ የእነሱ ሆስፒታል ታካሚ ገብቶ ስሙ በኮምፒዩተር ሲጻፍ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ወደ ማዕከሉ ይሄዳል፤ የእኛው ግን ሌሊት ላይ እስክሪብቶ ካለቀ፣ መብራት ከጠፋ ወይም ተረኛዋ ነርስ ደም የሚፈሰው ሰው ላይ ተጠምዳ ካደረች ያ ታካሚ ለመዝገቡ አልተወለደም። በዚህ ላይ የሚቆጠረው ጉብኝት እንጂ ሰው አለመሆኑን፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመጣ የአስም በሽተኛም ሦስት ሰው ሆኖ እንደሚታይ አስታወሰን። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ያለው ነገር እውነት በመሆኑ አልተከራከርኩትም።

የክሩን አቅጣጫ የቀየረችው 3ኛዋ መላሽ ናት። በዚያን ጊዜ በድንገተኛ ክፍል ትሪያጅ ላይ (የሕመምተኛው አጣዳፊነት በሚለይበት ቦታ) የሠራች ነርስ ስትሆን፣ እኔ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ሆኜ ያላየሁትን ነገር ነገረችን። እንደተለመደው ሕመምተኛው በር ላይ ተመዝኖ እንደ ሕመሙ ክብደት ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከመሰጠቱ በፊት፣ ከሚያዝያ ወዲህ አንድ ሌላ ማጣሪያ ተጨምሮ ነበር፤ ትኩሳትና ሳል ያለው ሰው ወደ ሕንጻው ሳይገባ ግቢው ውስጥ ወደ ተተከለ ድንኳን ይላካል። ድንኳኑ የራሱ መዝገብ ነበረው። ያ መዝገብ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በእሷ ክርክር፣ ጠፋ ያልኩት ሕመምተኛ በከፊል ሀምሳ እርምጃ ርቆ ሌላ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እኔም የፍርሃት ታሪክ አድርጌ የተረክሁት የበር መቀየርን ነው። ይህን ሳነብ ደንግጬ ለረጅም ሰዓት መልስ ሳልጽፍ ቆየሁ። ያንን ድንኳን በየቀኑ አልፌው እገባ ነበር እኮ!

4ኛው የሐረር ልጅ ነው፤ ፍርሃቱን አትካዱት ብሎ የእናቱን ነገር አወጋን። እናቱ ጀጎል ውስጥ ከሚገኘው ቤታቸው አንድ ማለዳ ሲነሡ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ልጆቹ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢሏቸው እሳቸው በፍጹም እምቢ አሉ፤ ለይቶ ማቆያ አስገብተው ብቻዬን ያስቀሩኛል፣ ብሞትም ልጆቼ አጥበው አይቀብሩኝም የሚል ወሬ ከጎረቤት ሰምተው ነበርና። በሦስተኛው ቀን ተሸክመዋቸው ሲሄዱ ስትሮክ መሆኑ ታወቀ፤ ሕክምናው ሊረዳ የሚችልበት ሰዓት ግን አልፎ ስለነበር እጃቸው እስከዛሬ አልተመለሰም። በአንድ ሆስፒታል በር ላይም ጥበቃው ሳል አላቸው ወይ እያለ ብዙ እንዳቆማቸው በምሬት ጽፏል። የ1ኛው መልስ ባለቤት ተመልሶ ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ፣ በአሜሪካም መጋቢት 4 ቀን አስቸኳይ ሁኔታ ከታወጀ በኋላ (ዕለቱ የእኛ የመጀመሪያ ታማሚ ከተገኘበት ቀን ጋር ገጥሟል) ባሉት 10 ሳምንታት በልብ ደም ሥር መዘጋት የሚመጣው ታካሚ በ23 በመቶ፣ በስትሮክ የሚመጣው በ20 በመቶ፣ ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶ የሚመጣው ደግሞ በ10 በመቶ መቀነሱን አስታወሰ። በመሆኑም የእናትየው ነገር የአንድ ቤት ነገር ብቻ አልነበረም ማለቱ ነው። ይህ ሰው አዲስ ተራ ቁጥር ሳይወስድ ከ4ኛው መልስ ሥር ስለጻፈ እኔም በዚያው ቆጥሬዋለሁ።

5ኛው መልስ ስለ ሒሳብ ነው፤ ጸሐፊው መምህር ይመስለኛል፣ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ ቁልጭ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ከ100 ታካሚ 10ሩ ትኩሳትና ሳል ያላቸው ቢሆኑ ድርሻቸው 10 በመቶ ነው። ሌላው ታካሚ ፈርቶ ቀርቶ ጠቅላላው 50 ቢሆንና ሳል ያላቸው እነዚያው 10 ቢሆኑ ድርሻው 20 በመቶ ይሆናል፤ ወረርሽኙ እጥፍ የሆነ ይመስላል፣ ሳል ያለው ሰው ግን አንድም አልጨመረም። ጠቅላላው ወደ 40፣ ሳል ያላቸው ወደ 8 ቢወርዱ ደግሞ ቁጥሩ ሲቀንስ ድርሻው ከፍ ብሎ ይታያል፤ አንዱ አለቃ ቁጥሩን አይቶ ሲደሰት ሌላው ድርሻውን አይቶ ይደነግጣል። እኔም በ6ኛው መልስ እንግዲያውስ ድርሻውን ትተን ቁጥሩን ብቻ እንያዝ ብዬ ጻፍኩ። ይህ ስሕተት ነበር።

ስሕተቴን በ7ኛው መልስ ያረመኝ አንድ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ከሙሉው ክር እኔን በጣም ያስተማረኝም የእሱ ጽሑፍ ነው። ሳል ያለውም ሰው እንደ ሌላው ፈርቶ ሊቀር ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን እንደ ድርሻው ሁሉ ያታልላል አለ። የሚያስፈልገው፣ ወረርሽኝ ቢመጣም ባይመጣም በሕዝቡ ውስጥ መጠኑ የማይለወጥ አንድ ሕመም መርጦ እሱን እንደ ሚዛን ድንጋይ መጠቀም ነው። የመኪና አደጋ ለዚህ አይሆንም፤ መንገዱ ጭር ሲል አደጋውም ስለሚቀንስ። የሕፃናት ተቅማጥም እንዲሁ፤ እጅ መታጠቡ ራሱ ይቀንሰዋል። ትርፍ አንጀት ግን ማስክ ብታደርግም ባታደርግም፣ ቤት ብትውልም ባትውልም ያብጣል። ስለዚህ በትርፍ አንጀት የሚመጣው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ሆኖ ከተገኘ የቀረው ግማሽ የዳነ ሳይሆን ያልመጣ ነው፤ ከሚመጡትም መካከል የፈነዳባቸው ከተበራከቱ መዘግየታቸውን ሆዳቸው ይመሰክራል። በዚያ ዓመት የቀዶ ሕክምና መዝገቡን ዞር ብሎ ያየ ሰው ካለ ይንገረን ብሎ ጨረሰ። እስካሁን የነገረው የለም፤ እኔም ያንን መዝገብ ማየት የሚፈቀድልኝ ቦታ ላይ አይደለሁም።

8ኛው መልስ ስለ ቀን አቆጣጠር ነበር፤ አሰልቺ ይመስላል እንጂ የመነሻ ጽሑፌን ግማሽ የናደው እሱ ነው። የጤና መረጃ ሥርዓታችን ወርኃዊ ሪፖርት ከአንዱ ወር 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ድረስ እንደሚዘጋ፣ የወረርሽኝ ቅኝቱ ሳምንታዊ ሪፖርት ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ እንደሆነ ጥርሱን እየነከሰ አስረዳኝ። ስለዚህ የሚያዝያ ሪፖርት ያልኩት ከመጋቢት 21 እስከ ሚያዝያ 20 ያለው 30 ቀን ነው። የመስከረም ያልኩት ግን ከነሐሴ 21 ይጀምርና ጳጉሜን ውጦ መስከረም 20 ላይ ያበቃል፤ በ2011 ደግሞ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች ድምሩ 36 ቀን ይሆናል። የ36 ቀኑን ሰው ከ30 ቀኑ ሰው ጋር አነጻጽሬ ቀነሰ ማለቴ ለአንድ የመረጃ ሠራተኛ የሚያሳፍር መሆኑን ሳያለዝብ ነገረኝ። ልክ ነው፤ ያሳፍራል። 9ኛው በድሬ ወግ አቦ ብሎ ጀምሮ ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰደው፤ ከበላይ የተላከ አንድ ቅጽ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠይቅ ስለነበር ባልደረባው ሌሊት 8 ሰዓት የመጣችውን ወላድ 8 ብሎ ሞልቶ፣ ቅጹን ያነበቡት ሰዎች ጧት ስለ መጣች ወላድ ሲጠይቁ እንደዋሉ ተረከ። ቀልዱ ቁም ነገር አለው፤ በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ተረኛዋ በትናንትናው ቀን ነው የምትጽፈው፣ እሑድ ሌሊት የመጣው ሰውም እንደ ቆጣሪው ወይ ባለፈው ሳምንት ወይ በአዲሱ ይወድቃል።

10ኛው መልስ የቀረውን ግማሽ ናደው። መስከረም 2012ን መነሻ ማድረግ ድሬዳዋን ከማያውቅ ሰው እንጂ ከእኔ እንደማይጠበቅ ገለጸ። ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ከተማው በቢንቢ በሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ተጥለቅልቆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ትኩሳትና መገጣጠሚያ ሕመም ይዞት እንደነበር፣ በየቤቱ ቆሞ የሚሄድ ሰው ታጥቶ ጤና ተቋማቱ በሰው ተጨናንቀው እንደነበር አስታወሰን። ያንን ጎርፍ መነሻ አድርጎ የሚለካ ሰው ኮሮና ባይመጣም ቁልቁለት ማየቱ አይቀርም። ትክክለኛው መነሻ ሚያዝያ 2011 ነው አለ፤ በ1ኛው መልስ የተጠቀሰው የ42 በመቶ ጥናት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር መነጻጸሩን፣ የስትሮኩ ጥናት ግን ከቀደሙት 10 ሳምንታት ጋር መነጻጸሩንም ለይቶ አሳየ። 11ኛው ይህንን ይዞ በ2006 መጀመሪያ ዴንጊ በድሬ የገባበትን ጊዜ ካነሣ በኋላ፣ ወባ፣ ዴንጊና ቺኩንጉንያ በሚፈራረቁበት ከተማ ትኩሳትን ብቻ የወረርሽኝ ምልክት አድርጎ መቁጠር ዋጋ እንደሌለው ጻፈ፤ ሳል ወይም የትንፋሽ እጥረት ካልተጨመረበት ቢንቢ ያመጣው ሕመምና ኮሮናው አንድ መዝገብ ላይ ይደባለቃሉ።

እዚህ ላይ ክሩ ከረረ። 12ኛው ጸሐፊ የመረጃ ሠራተኞች ቁጥር የሚፈበርኩት ቢሮ ቁጭ ብለው እንደሆነ፣ የትናንቱን ድምር በትንሹ አሻሽለው ዛሬ እንደሚልኩት፣ እኔም ይህንን ለመሸፈን ፍልስፍና እንደምተርክ ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። በ13ኛው መልስ ነርሷ ተመልሳ መጥታ በእኔ ፋንታ መለሰችለት፤ ማስክ ባልነበረበት ሰሞን ያው አንድ ማስክ እየተጠበቀ ሳምንት ሲለበስ፣ ከሥራ ወጥተው ልጆቻቸውን ላለማቀፍ ደጅ ላይ ያደሩ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ቢሆንም የሰውየውን ጥያቄ አልመለሰችም፤ ምክንያቱም የፈበረከም ነበር። በዓይኔ ያየሁት በመሆኑ በሐቅ እናገራለሁ፤ ሌሊቱን ያልተጻፈውን ሰው በግምት የሞላ ባልደረባ ነበረኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ባዶ መስመር መላክ ያስቆጣ ስለነበር እንጂ። 14ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

15ኛዋ መላሽ ነገሩን አብርዳ ወደ መሥመሩ መለሰችው። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸርም ለእኛ ከተሞች ቀላል አለመሆኑን ያሳየችው እሷ ናት። በ2012 የረመዳን ጾም ሚያዝያ 16 ቀን ሲገባ በ2011 የገባው ሚያዝያ 28 ነበር፤ በድሬና በሐረር ደግሞ በረመዳን ድንገተኛ ክፍል ቀን ጭር ብሎ ከአፍጥር በኋላ እንደሚሞላ፣ የስኳርና የጨጓራ ሕመምተኛው ሰዓቱን እንደሚቀይር የሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር የሚያነጻጽር ሰው በከፊል ጾምን ከፍስክ ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ከነጭራሹ ወሩን ትቶ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ቀን መቁጠር ይሻላል አለች። ይህንን በየትኛውም መመሪያ ላይ አላየሁትም።

16ኛው መልስ የትራንስፖርትን ነገር አመጣ። በአስቸኳይ ጊዜው ተሽከርካሪዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲደረግ ታሪፉ ወደ ላይ መውጣቱን፣ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ሰው ፈርቶ ብቻ ሳይሆን መክፈል አቅቶት ሊቀር እንደሚችል አመለከተ። ቁም ነገር ነበር፤ ከ17 እስከ 19 ያሉት መልሶች ግን ስለ ባጃጅ ዋጋ፣ ከከዚራ ሳቢያን ምን ያህል ይጠየቅ እንደነበርና ማን ማንን እንዳታለለ የተደረገ ጭቅጭቅ ስለሆኑ እዘላቸዋለሁ። 20ኛው ያንኑ የመንገድ ነገር ይዞ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ፤ ድሬዳዋ የሚታከመው የድሬዳዋ ሰው ብቻ ስላልሆነ፣ ከሽንሌ በኩልም ከምሥራቅ ሐረርጌም በሪፈርና ያለ ሪፈር የሚመጣ ሰው ስላለ፣ ከጂቡቲ በደወሌ በኩል ተመላሽ ሲጎርፍም ሌላ ሕዝብ ስለተጨመረ፣ ታካሚውን በከተማው ነዋሪ ቁጥር ማካፈል ትርጉም የለውም አለ። እሱ የመከረው መዝገቡ ላይ ያለው የአድራሻ ዓምድ ብቻውን እንዲቆጠር ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ቀድሞ ከቀረ ምክንያቱ መንገድ ነው፣ የሰፈሩ ሰው እኩል ከቀረ ግን ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ሁለቱን ምክንያቶች በአንድ ዓምድ መለየት መቻሉ አስደነቀኝ።

በ21ኛው መልስ ላይ አንድ ሰው ለማስረዳት ብሎ ያረጀ የመዝገብ ገጽ ፎቶ ለጠፈ፤ የሕመምተኞቹ ስምና የካርድ ቁጥር በግልጽ ይነበብ ነበር። አወያዩ በደቂቃዎች ውስጥ አነሣው፤ 22ኛው የሰውየው ይቅርታ ነው። ሰዎች ተቆጥተው የጻፉት ከሥሩ ብዙ ነው፣ መቆጣታቸውም ተገቢ ነው፤ ያኔ ስማቸው ኮሮና ካለበት መዝገብ ጋር የታየ ሰዎች ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት የቀረባቸው ነበሩና።

23ኛው ከሐረር ነው። በር ላይ ያልታዩትን ለማግኘት በሩን ትተን ወደ ቀብሩ እንሂድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐረሪዎች አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላቸው፤ ሰው ሲሞት አፎቻው ሳያውቅ የሚቀበር የለም፤ ሌላውም ቢሆን እድር አለው። ሆስፒታሉ ባዶ የሆነበት ወር አፎቻው ሥራ የበዛበት ወር ከነበረ መልሱ ይኸው ነው አለ። 24ኛው ይህ ሕልም አለመሆኑን ለማሳየት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1993 አካባቢ ጀምሮ የኤች አይ ቪን ጉዳት ለመለካት በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች የቀብር ምዝገባ ሲያካሂድ መቆየቱን ጠቀሰ። በ25ኛው መልስ አንድ አዛውንት፣ ከአነጋገራቸው የባቡር ጡረተኛ ይመስሉኛል፣ በ1911 ስለ ገባው የኅዳር በሽታ ከአባታቸው የሰሙትን በሰፊው ጻፉልን፤ ጋሼ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ግን የሚያገናኘው ያን ጊዜም ሙታን እንጂ ሕሙማን እንዳልተቆጠሩ ብቻ ስለሆነ አላስፋፋውም።

26ኛው የእኔ ነው። የተሰበሰበውን ትችት ሁሉ ተቀብዬ፣ ያን ጊዜ ከአንድ ነጠላ ቁጥር ይልቅ አራት ነገር ብልክ ኖሮ ብዬ ጻፍኩ፤ የሕንጻውንና የድንኳኑን ድምር አንድ ላይ፣ ሳልና ትኩሳት ያላቸውን በቁጥርም በድርሻም፣ የትርፍ አንጀቱን፣ ከሩቅ የመጣውን ከቅርቡ ለይቼ። 2ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ይህንን ሁሉ ሌሊት በሻማ ማን እንደሚሞላው ብቻ ጠየቀኝ።

ነርሷ በ27ኛው መልስ አራቱንም በአንድ ነገር መተካት እንደሚቻል ነገረችን። እሷ በግሏ፣ ማንም ሳያዛት፣ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ሕመሙ ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ ብላ ጠይቃ መልሱን በመዝገቡ ኅዳግ ላይ በአንድ አኃዝ ትጽፍ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ አብዛኛው አኃዝ 1 ነበር። ወደ ግንቦት ሲደርስ 3 እና 4 እየበዙ መጡ፣ የደረሰ ምጥ ይዘው የሚመጡ እናቶች ሳይቀሩ ሌሊቱን ቤት አድረው ነው የሚመጡት። ኅዳጉን የቆጠረው ሰው የለም፤ እኔ ስቆጥር መስመሩን እንጂ ኅዳጉን አላየሁም። አስተውሉ፤ በ3ኛው መልስ የበር መቀየር ነው ያለችኝ ይህችው ነርስ ናት፤ አሁን ግን የራሷ አኃዞች ወደ ፍርሃቱ ጎን እያደሉ ነው። ይህንን ሳመለክታት ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ እሷ የተቃወመችው እኔ አንዱን ብቻ ማየቴን እንደሆነ መለሰች።

28ኛው በር ላይ ደርሶ ድንኳኑን አይቶ የተመለሰውን ማን ይቆጥረዋል ብሎ ጠየቀ። ለዚህ መልስ የሰጠው 29ኛው ሲሆን፣ በዚያ ዓመት በአንድ ጤና ተቋም በር ላይ በጥበቃነት ይሠራ ነበር፤ ፊደል ግድፈት የበዛበት አጭር ጽሑፍ ነው። ወደ ድንኳን የሚሄደውም ወደ ሕንጻው የሚሄደውም በእሱ በር ነው የሚያልፈው፣ ሁሉም እጁን ሳይታጠብ አይገባም። የውኃ በርሜሉን የሚሞላው እሱ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በቀን ሦስት ጊዜ ይሞላ ነበር፤ ግንቦት ውስጥ አንዴ የሞላው ለማግስቱ ይተርፍ ነበር።

በ30ኛው መልስ ጠያቂ እንዳይገባ የተከለከለው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ ጠየቅሁት፤ በርሜሉን ያስተረፈው የጠያቂው መቅረት ሊሆን ይችላልና። ነርሷ በ31ኛው መልስ በዚያ ሰሞን በብዙ በሮች ላይ ውኃው በአልኮል መተካቱን አስታውሳ የበርሜሉን ነገር እንዳላምነው አስጠነቀቀችኝ። ጥበቃው ትናንት ማታ በ32ኛው መልስ ሁለታችንንም አንድ ላይ መለሰ። ጠያቂ የተከለከለው በርሜሉ ሦስት ጊዜ ይሞላ በነበረበት ሰሞን ነው፤ አልኮሉ ሲመጣም በየሰዉ መዳፍ ላይ የሚረጨው እሱ ራሱ ነበር፤ ጠርሙሱም እንደ በርሜሉ አልጎድል ብሎት ነበር።